ከኋላ የቆሙት ሰው

«ኋላውን አደብዝዢውና እንገላገል!» አለች ጥድፊያ።

ጭምት ፊልሙን ወደ ኋላ መልሳ አስጀመረችው። ጣቷ ማውሱ ላይ እንደተጣበቀ ቀርቷል። ስክሪኑ ላይ ጥድፊያ ራሷ ከፊት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ የፈተና ውጤት የያዘ ፖስታ ትከፍታለች። ከጀርባዋ፣ ከክፍሉ መጨረሻ፣ አውራ ጣት የማያህሉ አንድ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሽማግሌ ይታያሉ። ሽማግሌው ሲወለውሉት የነበረውን ብልቃጥ መደርደሪያው ላይ አኖሩ፤ ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ መቀርቀሪያውን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። እንደገና ጫን አደረጉት። ከዚያ ከምስሉ ወጡ።

«አየሽ?» አለች ጭምት። «ሁለቴ ነው የሞከሩት።»

«አየሁ፣ ዓይን አለኝ። ለዚህ እኮ ነው አደብዝዢው የምልሽ። አንዲት ቁልፍ መጫን ነው። እኔ ከፊት ጥርት እላለሁ፣ ከኋላ ያለው ጭጋግ ይሆናል፣ አለቀ ደቀቀ።»

ሐሙስ ከሰዓት ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም። በትምህርት ቤት ስም አውጪ መቼም አይታጣም፤ አንዷን ቃል ከአፏ በመከራ ስለሚወጣ ጭምት፣ ሌላዋን ምሳዋን እንኳ ቆማ ስለምትበላ ጥድፊያ ብለዋቸው ቀርተዋል። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። አንዷ ስትቀጣ ሌላዋ ደጅ ቆማ ትጠብቃለች። እንዲህ ያለ ነገር ግን መካከላቸው ገብቶ አያውቅም።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው በአንድ አሮጌ ፊልም ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የፊልም ክበቡ መምህር መጋረጃውን ዘግቶ አንድ ጥቁርና ነጭ ፊልም አሳያቸው። ሁለት ወንድማማቾች ጠረጴዛ ከበው ያደጉበትን ቤት ለመሸጥ ይጨቃጨቃሉ። አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው ጠረጴዛ ይደበድባል። አምስት ደቂቃ ሙሉ ካሜራው ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻ ተስማምተው ሲጨባበጡ መምህሩ ፊልሙን አቆመና «እናትየዋ የት ሄደች?» ብሎ ጠየቀ።

«የምን እናት?» አለ አንድ ልጅ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

መምህሩ አልሳቀም። ወደ ኋላ መልሶ እንደገና አሳያቸው። ከወንድማማቾቹ ጀርባ በር አለ፤ ከበሩ ወዲያ ሌላ ክፍል አለ፤ እዚያ ውስጥ አንዲት ሴት የታጠበ ልብስ ታጥፋለች። ትንሽ ናት፤ ነገር ግን የምታጥፈው ሸሚዝ ቁልፉ ሳይቀር ይቆጠራል። ልጆቿ ድምፃቸውን ከፍ ባደረጉ ቁጥር እጇ ቆም ይላል። «ተስማማን» ሲባባሉ የመጨረሻውን ሸሚዝ ክምሩ ላይ አስቀመጠች፤ ካፖርቷን ከመስቀያው አወረደች፤ ወጣች። ቤቱ የእሷ ነበር። ዞር ብሎ ያያት ሰው የለም።

«ሌላ ሰው ቢያነሳው ኖሮ» አለ መምህሩ፣ «ከፊት ያሉትን አጥርቶ ከኋላ ያለውን ያደበዝዝላችሁ ነበር። የት ማየት እንዳለባችሁ ይመርጥላችኋል። እዚህ ግን ከቅርብ እስከ ሩቅ ሁሉም እኩል የጠራ ነው። ካሜራው አልደበቃትም። ያላያችኋት እናንተ ናችሁ፤ ልክ እንደ ልጆቿ።»

ጭምት የዚያን ቀን አፈረች። እሷም ጠረጴዛውን የሚደበድበውን እጅ ስታይ ነው እናትየዋ ያመለጠቻት። ስለዚህ መምህሩ «እንዲህ ያለ አንድ ትዕይንት ሠርታችሁ አምጡ» ብሎ የራሱን ካሜራ ሲያውሳቸው፣ ሌት ተቀን የምታስበው ከኋላ ማን እንደሚቆም ነበር። የመጣላት ሰው ጋሽ መስታወት ናቸው።

ጋሽ መስታወት የቤተ ሙከራው ኃላፊ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብልቃጥና ማይክሮስኮፕ ሲወለውሉ ስለኖሩ መስታወት የሚባል ስም ወጥቶላቸው፣ እውነተኛ ስማቸውን ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስልም። ፊልም ላይ ይቁሙልን ሲሏቸው እንደ ልጅ ደስ አላቸው። ማክሰኞ ከሰዓት የተተኮሰ ጋዋን ለብሰው መጡ። «ምን ላድርግ?» አሉ። «ሁልጊዜ የሚያደርጉትን» አለች ጭምት። እሳቸውም አደረጉት።

ያን ትዕይንት አንስተው እንደጨረሱ ጋሽ መስታወት ቢሮ ተጠሩና «እስክመለስ ምንም ነገር እንዳትነኩ» ብለው ሄዱ። የቀረው የጥድፊያን እጅና ፖስታውን ከቅርብ ማንሳት ብቻ ነበር። ሰማዩ ግን ደመነ። ምስሉ ከቅርብ እስከ ሩቅ እንዲጠራ የሌንሱ ቀዳዳ መጥበብ አለበት፤ ቀዳዳው ሲጠብ ደግሞ ብዙ ብርሃን ይፈልጋል። የቤተ ሙከራው የመስኮት መስታወት ግማሽ ድረስ ነጭ ቀለም የተቀባ ነው። ጭምት ሰዓቷን አየች፣ በሩን አየች፣ ሄዳ መስኮቱን ከፈተችው። ሲጨርሱ ካሜራውን እየፈታታች «ዝጊው» አለች። ጥድፊያ ከደጅ ሆና «ዘግቼዋለሁ፣ ነይ ባሱ ሊያመልጠን ነው!» አለቻት።

ኮሪደሩ ላይ ጋሽ መስታወት አገኟቸው። «መስኮቱን አልነካችሁም አይደል?» አሉ በሩን እየቆለፉ። «ኧረ አልነካነውም ጋሼ!» አለች ጥድፊያ። ጭምት ዝም አለች።

በማግስቱ ጠዋት መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ተገኘ። ሌሊት ንፋስ ነበር። መጋረጃው የትምህርት ቤቱን ደህናውን ማይክሮስኮፕ ጠምጥሞ ከጠረጴዛው አውርዶታል፤ ሌንሱ ከሁለት ተሰንጥቋል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሁለቱን አስጠርተው ሲጠይቋቸው ጥድፊያ ያንኑ ደገመች። የጭምት ምላስ ታሰረ። ዝምታዋ ደግሞ እንደ ምስክርነት ተቆጠረ። «እንግዲህ ጋሼ ዕድሜ ተጫጭኗቸዋል ማለት ነው» አሉ ምክትሉ። የዚያኑ ዕለት ቁልፉን ተቀበሏቸው። ነገ፣ አርብ ሦስት ሰዓት፣ ኮሚቴ ተቀምጦ ከሥራ ያሰናብታቸዋል እየተባለ ይወራል።

«መቀርቀሪያው ላልቶ ሊሆን ይችላል ብዬ ነበር» አለች ጭምት አሁን፣ ከስክሪኑ ዓይኗን ሳትነቅል። ሁለት ቀን ሙሉ ራሷን ያባበለችው በዚህ ነው። «አልላላም። ይኸው አጥብቀውታል። ከሳቸው በኋላ እዚያ የነበርነው እኔና አንቺ ነን። ደግሞ ዘግቼዋለሁ ብለሽኛል።»

«ገፋ አድርጌው ነበር…» አለች ጥድፊያ ድምፅዋን ቀንሳ። «መቀርቀሪያው እምቢ ሲለኝ ተውኩት። ባሱ ሊሄድ ነበር እኮ። ንፋስ ይመጣል ብዬ አሰብኩ? ስሚኝ፣ እኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ላይ ፈርሜያለሁ። አንድ ነገር ከተገኘብኝ ያባርሩኛል። አባቴን ታውቂዋለሽ፤ ሁለተኛ ዓይንሽን አላይም ነው የሚለኝ። እሳቸው እንደሆኑ ጡረታቸው ደርሷል። ቤታቸው ሄደው ያርፋሉ፣ በቃ።»

በሩ ተንኳኳ። ጥድፊያ ዘላ የስክሪኑን ማብሪያ ተጫነችው፤ ስክሪኑ ጨለመ።

ጋሽ መስታወት ነበሩ። ጋዋናቸውን አውልቀዋል። ወገባቸው ላይ ዘወትር የሚንሿሿው የቁልፍ ዘለላ ስለሌለ ሲመጡ አልተሰሙም። «ይህን ረስታችሁ ነው» ብለው የካሜራውን ክዳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ቆም አሉና ፈገግ አሉ። «ለመሆኑ እንዴት ወጣሁ? ከኋላ ስለሆንኩ አልታይም ይሆናል።»

«ይታያሉ ጋሼ» አለች ጭምት።

«ደግ። ማስታወሻ ይሆነኛል።» ሊሄዱ ዞሩና እንደገና ተመለሱ። «መቼም በኔ ምክንያት እናንተንም አስጠሩብኝ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ ልጆቼ። እጄ ዘግቼዋለሁ ይለኛል። ግን ሰው ረሳህ ካለኝ ረስቼ ይሆናላ። ታላቅ ወንድሜንም እንዲህ ነው የጀመረው፤ በመጨረሻ የራሱን ልጆች እነማን ናችሁ ይላቸው ነበር።» ከደረት ኪሳቸው አንዲት የታጠፈች ወረቀት አውጥተው አሳዩአቸው። «ከትናንት ጀምሮ እየጻፍኩ ነው የምንቀሳቀሰው።»

ወረቀቷ ላይ በእርሳስ «ምድጃ፣ ቧንቧ፣ የውጭ በር፣ መስኮት» ይላል። እያንዳንዱ አጠገቡ ምልክት አለው። መስኮት የሚለው አጠገብ ሁለት ምልክት ተደርጓል።

ሲወጡ የጭምትን አንጀት በሉት። ሥራቸውን ሊያጡ ነው እያለች ስትጨነቅ የከረመችው ለካ የጉዳቱን ግማሽ ብቻ አይታ ነው። ሽማግሌው ከቁልፉ ጋር ራሳቸውን ማመንም ትተዋል።

«ሰማሻቸው?» አለች።

ጥድፊያ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጣለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን አላለቀሰችም። «ሰማሁ። ብትፈልጊ ቁረጪው፣ ብትፈልጊ አደብዝዢው። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛሽ ነኝ። ሌላ የምለው የለኝም» ብላ በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

ጭምት ስክሪኑን መልሳ አበራችው። ቀስቱን ማደብዘዣው ላይ አድርጋ ለሙከራ ያህል ተጫነችው። መስኮቱ ጠፋ፣ ብልቃጦቹ ጠፉ፣ ጋሽ መስታወት ነጭ ብናኝ ሆኑ። ከፊት ጥድፊያ ፖስታዋን ይዛ አምራ ቀረች። ማንም ቢያየው ግሩም ፊልም ነው ይላል። ጭምት ግን እርምጃውን ሰረዘችው። ሽማግሌው ከነመቀርቀሪያቸው ተመለሱ።

አርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሽ መስታወት ከምክትሉ ቢሮ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ማክሰኞ የለበሱትን የተተኮሰ ጋዋን ለብሰዋል። «ጋሼ፣ ኮሚቴው ከመግባቱ በፊት አንድ ነገር ላሳይዎት» አለች። እሳቸው ሰዓታቸውን አይተው ተከተሏት።

ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጣ ፊልሙን ከፈተችው። ጋሽ መስታወት መነጽራቸውን አደረጉ። «ጓደኛሽ ትችላለች፤ ፊቷን እዪው» አሉ።

«እሷን ይተዉ ጋሼ። ከኋላ ይመልከቱ።»

ሽማግሌው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። እዚያ ወዲያ ትንሹ ሰውዬ ብልቃጡን አኖረ፤ ወደ መስኮቱ ሄደ። ጫን። ጠረጴዛው ላይ ያረፈው የጋሽ መስታወት አውራ ጣትም አብሮ ጫን አለ። ደግሞ ጫን።

«ዘግቼዋለሁ» አሉ። ለጭምት አልነበረም የነገሯት። መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጫፍ ወለወሉት፣ መልሰው አደረጉት፣ እንደገና አወለቁት። «ዘግቼዋለሁ እኮ!»

«አዎ ጋሼ። ዘግተውታል።»

ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እሷ ዞሩ። «ታዲያ ማነው የከፈተው?»

ጭምት ቀና አለች። ከጋሽ መስታወት ትከሻ በላይ የክፍሉ በር ክፍት ነው፤ ከበሩ ወዲያ ኮሪደሩ እስከ መጨረሻው ይታያል። መጨረሻው ላይ፣ ደረጃው አጠገብ፣ ጥድፊያ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ታቅፋ ቆማለች። በጣም ሩቅ ናት፤ የተፈታው የጫማዋ ክር ግን ሳይቀር ይታያል። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቸኮለችም።

ጭምት ስለ ጥድፊያ የምትናገረው ነገር አልነበራትም፤ እሱን የምትናገር ራሷ ጥድፊያ ናት። የራሷን ግን ሁለት ቀን ሙሉ ውጣው ከርማለች።

«እኔ ነኝ የከፈትኩት ጋሼ» አለች፤ ድምፅዋን እስከ ደረጃው እንዲደርስ ከፍ አድርጋ። «ብርሃን አጥሮኝ ነው። ሳይዘጋ ነው የወጣነው። ስጠየቅም ዝም አልኩ። አሁን ለኮሚቴው እነግራለሁ።»

ጋሽ መስታወት አልተቆጡም፣ አልመረቁም። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው አዩዋት፤ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ የደረት ኪሳቸውን ዳሰሱና ያቺን ወረቀት አውጥተው ቅርጫት ውስጥ ጣሏት።

ኮሪደሩ ላይ የጫማ ድምፅ ተሰማ። ወደ እነሱ ይምጣ ወይም ደረጃውን ይውረድ ጭምት ለማየት አልሞከረችም። ምንም ያልተቆረጠውን ፊልም ፍላሽ ላይ ገልብጣ ያዘችና «እንሂድ ጋሼ፣ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው» አለች።