የተገራ ደም

በጥልቃ ከተማ የጠዋት ሰላምታው «ቀስ ብለህ ተነሳ» ነበር። ከተማዋ የተቆፈረችው ከምድር በታች፣ ጨው ከሚወጣበት ጉድጓድ ጎን ነው። ሙቀቱና ጥልቀቱ የሰውን የደም ግፊት ያንራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ደረቱ ላይ፣ ከቆዳው ሥር፣ ገሪ ይቀበርለታል፤ ደምን የሚገራ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ መሣሪያ ነው። የአስናቁ ሥራ ገሪዎችን በመርፌ መሙላት ነበር። አንዱ መድኃኒት የደም ሥርን ያሰፋል፣ አንዱ ልብን ያዘገያል፣ ሌላው ጨውና ውሃን በሽንት ያስወጣል። ታዲያ ሰዉ ደረቅ ሳል ይስላል፣ ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል፣ እጁ ይቀዘቅዛል፤ ድንገት ከተነሳም ዓይኑ ይጨልምበታል። ለምዶታል።

አንድ ቀን ቆፋሪዎቹ ወደ ላይ አውጡን ብለው አደባባዩን ሞሉት። ከፊት የቆመው የአስናቁ ታናሽ ወንድም ሞላልኝ ነበር። አለቃው ዳምጤ ከአደባባዩ በሚወጣው ደረጃ ጫፍ ካለው ክፍሉ ሆኖ ተበተኑ አለ፤ የሰማው የለም። ያን ጊዜ የገሪዎቹን ሁሉ መጠን ከሚያዘው ማሽን ላይ መድኃኒቱን ከፍ አደረገው።

የደም ግፊታቸው ወርዶ አደባባዩን የሞላው ሰው ባንዴ ወደቀ። ሞላልኝ በአናቱ የጨው ጋሪ ሐዲድ ላይ አረፈ። ሊነሳ የሞከረ ሁሉ ተመልሶ ይወድቃል። ገሪ ያልተቀበረላቸው የዳምጤ ዘበኞች በመሃል እየተራመዱ በብረት ዱላ ይቀጠቅጡ ጀመር፤ አጥንት ሲሰበር ይሰማል። አጠገቡ የወደቀችው አስናቁ የወንድሟን የልብ ምት በጣቷ ፈለገች። ከመድከሙ የተነሳ ጭራሽ ሊጠፋባት ነበር። መጠኑ ካልወረደ ይሞታል።

«አትነሱ» አለች አጠገቧ ላሉት። «በሆዳችሁ ሂዱ። የተኛ ሰው ጭንቅላቱ ደም አያጣም።»

ተሳቡ። የዘበኞቹን እግር እየያዙ ጣሏቸው፤ በወደቀው ላይ ተከመሩበት፣ በድንጋይም በጥርስም። እሷ መሬት ላይ ያገኘችውን የብረት መፍቻ ይዛ ደረጃውን በክርኗ ወጣች።

ዳምጤ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። «ነይ የኔ እመቤት፣ እንዲሁ እየተሳብሽ ነይ» ብሎ እጇን በጫማው ረገጠ። በሌላው እጇ ጉልበቱን በመፍቻው ሰበረችው። ወደቀ። በላዩ ተሻግራ ማሽኑ ጋ ደረሰችና መጠኑን አወረደች። ከታች አንድ ሁለት ሰው ተነስቶ መቀመጥ ሲጀምር አየች። ሞላልኝም ራሱን ቀና አደረገ።

ዳምጤ ገሪ አልነበረበትም። ፊቱ ቀልቶ፣ የአንገቱ ሥር እየዘለለ፣ ልጆች አሉኝ እያለ ይለምናት ነበር። አስናቁ ወደ እሱ ተመለሰች። ዝም እስኪል መታችው፤ ዝም ካለም በኋላ መታችው።

ሞላልኝ ግድግዳውን ተደግፎ ደረጃውን ሲወጣ አስከሬኑን አየ። ጥልቃ ውስጥ ደሙ የተገራ ሰው አይገድልም ይባል ነበር፤ እሱም ያምን ነበር።

«ደምሽ ፈልቶ ነው አይደል፣ እትዬ?» አላት። እንድትለው የፈለገው ያንን ብቻ ነበር።

አስናቁ ቀዝቃዛ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ልቧ እንደ ተኛ ሰው ልብ፣ በዝግታ፣ ሳይዛነፍ ይመታል።

«አይ» አለች። «አልተናደድኩም።»

ሞላልኝ አንድ ደረጃ ወደ ታች ወረደ።