ከምርጫው በፊት የነበረው እሑድ

ሽማግሌው ኦርቪል ኔስቴ ሞተው የተገኙት እሑድ ረፋድ ላይ፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ሐይቅ ውስጥ ነው። ልጃቸው ማሪት ማክሰኞ ለግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ትወዳደራለች፤ ሚኔሶታ ውስጥ ስሟ ያልተሰቀለበት መንገድ አልነበረም።

መርማሪ ቨርና ክላይን ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ኦርቪል የወረዳው ዐቃቤ ሕግ ሳሉ ሥራውን ያስተማሯት እሳቸው ነበሩ። ሁሉም «አንሸራቷቸው ነው» ይላል። እሷ ግን ጆሯቸውን አየች። መስሚያ መሣሪያቸው የለም፤ ያለ እሱ ደግሞ ነጎድጓድ እንኳ አይሰሙም።

ቤቱ ውስጥ ያደሩት ማሪት፣ አባቱን የሚያስታምመው ታላቅ ወንድሟ ኔልስና የምርጫ ዘመቻዋ ኃላፊ ፕሬስተን ናቸው። ቨርና ለየብቻ አነጋገረቻቸው። ማሪት ፎቅ ላይ ንግግሯን ስታጠና እንደነበር ተናግራ ማልቀስ ጀመረች። ኔልስ አባቱን ቁርስ ላይ ትቷቸው እንጨት ሊፈልጥ እንደወጣ፣ ከዚያ ወዲያ እንዳላያቸው ነገራት።

ፕሬስተን ግን ትንሽ ካመነታ በኋላ፣ «ሽማግሌው ጋዜጠኛ ጥሩልኝ እያሉ አስቸግረውን ነበር» አለ።

«ምን ሊነግሩት?»

«ፊች የሚባል ሰው ዕድሜ ልክ አስፈርደውበታል። ንጹሕ መሆኑን የሚያውቅ ምስክር ደብቄያለሁ አሉ። ዝም እንዲሉ ለምኛቸዋለሁ፤ አልደብቅሽም። ከዚያ ያለፈ ግን አላደረግሁም።»

ከሐይቁ ማዶ የምትኖር ጎረቤት ደግሞ አንድ ወንድ «ማክሰኞ እስኪያልፍ!» እያለ ደጋግሞ ሲጮህ ሰምታለች። ቨርና ሐይቁ ዳር ያለውን የጀልባ መጋዘን ስትፈትሽ፣ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ መስሚያውን በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘችው።

ሦስቱን ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ኦርቪል ቀኝ እጃቸው ሽባ ነው፤ በአንድ እጅ መስሚያውን በጨርቅ ጠቅልለው እዚያ ከፍታ ላይ ሊያስቀምጡት አይችሉም» አለች። «መስሚያውን ያወለቀላቸው ሌላ ሰው ነው። ሊገድል የመጣ ሰው ደግሞ መስሚያ እንዳይረጥብ አይጨነቅም። ይሄ በየቀኑ የሚንከባከባቸው ሰው ልማድ ነው። ፕሬስተን እዚህ ቤት እንግዳ ነው። ማሪት እንዳልል፣ ድምፁ የወንድ ነው። ሰውየው የጮኸውም ተናዶ ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌው እንደማይሰሙት ስላወቀ ነው።» ወደ ኔልስ ዞረች። «ከቁርስ በኋላ አላየኋቸውም ብለኸኝ ነበር፣ ልጄ።»

ኔልስ አንገቱን ደፍቶ ተናገረ።

«እንደ ሁልጊዜው መስሚያውን አውልቄለት በጀልባ ላንሸራሽረው ነበር። ነገ ለጋዜጠኛ እናገራለሁ አለኝ። ምርጫው ይለፍ ብዬ ለመንኩት። ሐይቁ ዳር ትቶኝ ሊሄድ ሲል ያዝኩት፣ እጁን መነጨቀኝ፣ ገፋሁት። ከውሃው ውስጥ እጁን ዘረጋልኝ። ቆሜ አየሁት። ላንቺ ብዬ ነው፣ ማሪት።»

ማሪት እንባዋ ደርቆ ነበር።

«አባባ ዓርብ ዕለት ነግሮኛል» አለችው። «ነገ ጋዜጠኞቹ ፊት አብረን ልንቆም ተስማምተን ነበር። ብሸነፍም ልሸነፍ ብያለሁ። ላንተ ዛሬ እራት ላይ ልንነግርህ ነበር፣ ኔልስ።»

ኔልስ ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ። ቨርና ካቴናውን አውጥታ አሰረችው።

ፕሬስተን ቢለምናትም ማሪት ሰኞ ብቻዋን ወጥታ አባቷ ሊናገሩ የፈለጉትን ሁሉ ተናገረች። ኔልስ እስር ቤት ሆኖ ይህን ሲሰማ ለእህቱ ድምፅ መስጠት ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ገና ስላልተፈረደበት ይችላል፤ ቨርና ራሷ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን አመጣችለት።

ማሪት በሰፊ ልዩነት ተሸነፈች። ቨርና ይህን ልትነግረው ስትገባ ኔልስ ቀደማት።

«ፊችስ?»

«ክሱ እንደገና ሊታይ ነው።»

«አባባ ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር» አለ ኔልስ፤ ከዚያም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።