ከማዶ የታየው ጢስ

ከመራመዱ በፊት ዋና የተማረው ጀልበኛ ሳቲ፣ ዓባይ በረጋበት ምሽት ብቻውን ሲሻገር ሰጠመ። አስከሬኑ በማግስቱ ጠዋት ከቄጠማው መካከል ተገኘ። ባለሸራዋ ጀልባ ግን ምንም ሳትሆን ከታች በኩል አሸዋ ላይ ተቀምጣ ነበር።

የፖሊስ መቶ አለቃ ሪሃብ ከዶንጎላ ከተማ ስትደርስ የመንደሩ ሰው የሟቹን ወንድም ሸርፊን ከዘንባባ ግንድ ጋር አስሮት አገኘች። ገና አፏን ስትከፍት አከታትላ አስነጠሰች።

«ይማርሽ፣ ልጄ። ንሚቲ እንግዳ አታከብርም» አለቻት የሟቹ ታላቋ ሚስት ሀጃ ቡሰይና።

ንሚቲ በብርዱ ወራት፣ ነፋስ ሲወድቅ፣ ከወንዙ እንደ ደመና የምትነሳ ትንኝ ናት። አገሩን ሁሉ ስለምታስነጥስና ስለምታሳክክ ሰው እሷን ለማባረር የሚጨስ የሣር ገመድ ይዞ ይሄዳል።

«የጀልባዋን መሪ ያላላው እሱ ነው!» አሉ ሰዎቹ። «በጀልባዋ ይቀናበት ነበር!»

ሪሃብ የጀልባዋን መሪ ነቀነቀች፤ ጥብቅ ነው። ወደ ሸርፊ ዞረች።

«ለምን ተጣላችሁ?»

«ዓይንህ ይከደናል፣ መሪውን ስጠኝ ብዬው ነው። ቀናተኛ አለኝ። መቅናቱንስ እቀናለሁ፣ መቶ አለቃ። በሁለት ሚስቶቹ ግን አይደለም፤ ያንንስ ለጠላቴም አልመኘው!»

ሊገንዙት የቆሙት ሽማግሌዎች የሳቲን እግር ብቻ ገልጠው አሳዩዋት። ጀለቢያው ከጫፉ እስከ ጉልበቱ ተቃጥሏል፤ ቆዳውም ቆስሏል። በጀልባዋ መቀመጫ ሥር የገመዱ አመድ ወድቋል። ሪሃብ አመዱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

ታናሿ ሚስት ኒዕማት የምትኖረው ከወንዙ ማዶ ነው። ሳቲ አንድ ሌሊት እዚህ፣ አንድ ሌሊት እዚያ ያድር ነበር።

«ትናንት ስትጠብቂው ምን ትሠሪ ነበር?» አለቻት ሪሃብ ወደ ማዶ ተሻግራ።

ኒዕማት አንገቷን ደፋች። «የወይባ ጢስ እሞቅ ነበር። ምናልባት ዛሬ እንኳ ነቅቶ ያመሻል ብዬ።»

«አይነቃም ነበር?»

«ጫማውን ሳያወልቅ ነው የሚወድቀው! እንስራዬን አንጠፍጥፎ ይጠጣና እንደ ጆንያ ይጋደማል። ጣውንቴ ዘንድ ግን ሲሳሳቁ ያመሻሉ አሉ። ድካሙ የሚመጣው እኔ ዘንድ ሲደርስ ነው።»

ስትመለስ ሪሃብ ለማስነጠሷ መድኃኒት ፍለጋ ወደ ጤና ጣቢያው ጎራ አለች። የመድኃኒት ባለሙያዋ ክኒኑን ከመስጠቷ በፊት ጠየቀቻት።

«መኪና ይነዳሉ? ሌላ የጉንፋን መድኃኒትስ ወስደዋል?»

«እነዳለሁ። ሌላ አልወሰድኩም።»

«እንግዲያው ነጯ ትበቃዎታለች። ቢጫዋ ብርቱ እንቅልፍ ታመጣለች፣ አፍ ታደርቃለች። ከመኝታ በፊት አንዷን ብቻ ነው የምንሰጠው፤ ለሚነዳና ውሃ ላይ ለሚሠራ ሰው አናዝም። ለሳቲም የሰጠሁት ነጯን ነው።»

«ከቤተሰቡስ ቢጫዋን የወሰደ አለ?»

ባለሙያዋ ስሙን ነገረቻት።

ከቀትር በኋላ ሁሉም በለቅሶው ቤት፣ በሀጃ ቡሰይና ግቢ ተሰበሰቡ። ኒዕማትም ተሻግራ መጥታ ከምንጣፉ ዳር ተቀምጣለች።

«ሸርፊን ፍቱት» አለች ሪሃብ። «መሪው ጥብቅ ነው። የሚጨሰው ገመድ ጀለቢያውን እስከ ጉልበቱ ሲበላው ሳቲ አልዘለለም፤ የነቃ ሰው እሳት አይችልም። ተኝቶ ነው የወደቀው፤ ከዚያ እንቅልፍ ውሃውም አልቀሰቀሰው።»

«ደክሞት ይሆናላ!» አለ አንዱ።

«ድካም ተራ አይጠብቅም። እሱን ግን እንቅልፍ የሚጥለው ወደ ኒዕማት በሚሻገርበት ቀን ብቻ ነው። የገዛ ሌሊቷን የምታበላሽ ሚስት ደግሞ የለችም። ያ ሁሉ ጥማትስ? አፍ የምታደርቀው ቢጫዋ ክኒን ናት። ሊሻገር ሲነሣ መድኃኒቱን በእጁ የምታስቀምጥለት ማን ናት?»

ሁሉም ወደ ሀጃ ቡሰይና ዞሩ። ሪሃብ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ቢጫዋን ለራስዎ ማሳከክ ብለው ነው የወሰዱት። አንዷ ክኒን ማዶ እስኪደርስ ትታገሠው ነበር። ትናንት ግን ነፋሱ ወደቀ፤ መንገዱ ረዘመ። አንድ ብቻም አልሰጡትም መሰለኝ።»

«ጢሱን አየሁት» አለች ቡሰይና። «ማዶ ከጣውንቴ ግቢ ሲወጣ። ለማን እንደምትሞቅ አላጣሁትም። ያን ጊዜ ሁለተኛዋን ጨመርኩለት። ይሂድላት፣ ግን ተኝቶ ይሂድላት አልኩ እንጂ ይሙት አላልኩም!»

«ውሃ ላይ ለሚሠራ ሰው አይሰጥም አልተባሉም?»

«ተብያለሁ። ማዶው ብቻ ነበር የሚታየኝ።»

ኒዕማት ከተቀመጠችበት ተነሣች። ሰው ሁሉ ልትሳደብ ነው ብሎ ጠበቀ።

«እኔ እኮ የሰለቸሁት መስሎኝ ነበር» አለች። «አንቺ ዘንድ እየሳቀ፣ እኔ ዘንድ ጀርባውን ሲሰጠኝ… ስንት ሌሊት ተቃጠልኩብሽ!»

«እኔ ዘንድ በምን እንደሚስቅ ልንገርሽ?» አለች ሀጃ ቡሰይና እንባዋን ሳትጠርግ። «አንቺ ባልሽው ነገር። ሌላ ወሬም አልነበረው።»

ማምሻውን ሸርፊ፣ የታሰረበት ሰንበር ከእጁ ሳይጠፋ፣ ሪሃብንና ወደ ዶንጎላ የምትወስዳትን ሀጃ ቡሰይናን ለማሻገር ጀልባዋን ገፋ። ሪሃብ አስነጠሰች።

«ይማርዎት! መድኃኒት አልወሰዱም እንዴ?»

«ነጯን። አንተስ?»

«እኔማ መሪው በእጄ ነው፤ በጢሱ እችለዋለሁ» አለና አዲስ የሣር ገመድ ለኮሰ።

ሀጃ ቡሰይና እስከ ወንዙ አጋማሽ አቀርቅራ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ የኒዕማትን ግቢ ፈለገች። ምንም ጢስ አይወጣበትም ነበር።