ከሰልፉ ኋላ የምትነዳው

ማርሌነ ከአውቶቡሱ ስትወርድ ዛላ ገና በአወራረዷ ጠላቻት። ምን አድርጋት? ምንም። እንዲያው ዓይኗ ሲያያት ልቧ እምቢ አለ።

ቦታው የቦሂን ሐይቅ ዳር፣ ከድንጋዩ ድልድይ አጠገብ ነበር። እንግዶቹ እስከ ባሕሩ የሚነዷቸውን ብስክሌቶች ይረከባሉ። ዛላ የማርሌነን ኮርቻ ዝቅ ልታደርግላት ጎንበስ ብላ ከመፍቻው ጋር ስትታገል፣ ሴትየዋ በአናቷ ላይ አሻግራ የጉዞውን መሪ ጋሽፐርን አየችው። ጋሽፐርም አያት።

«እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» አለችው ማርሌነ እየሳቀች።

ጋሽፐር ጆሮው ቀላ። ዛላ ቀና ስትል ያየችው ያንን የቀላ ጆሮ ነው፤ ለእሷ አንድም ቀን ቀልቶ አያውቅም። መፍቻው ተንሸራተተና ጣቷን ላጠው።

ዛላና ጋሽፐር ሁለቱም የሐይቁ አገር ልጆች ናቸው። አራት በጋ አብረው ሠርተዋል፤ ሥራቸው እንግዶችን በብስክሌት ከተራሮቹ አንስቶ ፒራን ባሕር ዳር ማድረስ ነው። እሱ ከፊት ይመራል፣ እሷ ከሁሉም ኋላ ትነዳለች። ከኋላ የሚነዳ ሰው ደንቡ አንድ ነው፤ ማንንም አያልፍም። የመጨረሻው እንግዳ ከቆመ ይቆማል፣ ከተኛም አጠገቡ ይቀመጣል። ከኋላ የሚሆነውን የሚመርጠው መሪው ነው፤ ጋሽፐር ደግሞ ሁልጊዜ ዛላን ይመርጥ ነበር። እሷም በዚያ ልቧ ሞቆ ኖረ። ትወደዋለች እኮ! እንደምትወደው ግን ለሰው ተንፍሳ አታውቅም፤ ለእሱማ ጭራሽ።

የመጀመሪያው ቀን ራት ላይ፣ የተጠበሰው ዓሣ ገና ሳይነሣ፣ ማርሌነ ጉዳዩን አወጣችው። እሷ ግራዝ በምትባል የጎረቤት አገር ከተማ ውስጥ ትልቅ የብስክሌት መደብር አላት፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ትፈልጋለች። ጋሽፐር ክረምት በመጣ ቁጥር ሥራ አጥቶ የሰው ደጅ በረዶ ከሚጠርግ ለምን ጠቅልሎ አይመጣም? ቤትም ቢሆን አይጠፋም አለች፣ ቤት የምትለዋን ቃል አለስልሳ። ጋሽፐር ሹካውን ሲያገላብጥ ቆየና ባሕሩ ስንደርስ መልሴን እነግርሻለሁ አላት። እምቢ አላለም። ዛላ ሳህኗን ገፋ አደረገች።

ባሕሩ ጋ አዎ ካለ ይሄዳል። ከሄደ ደግሞ አለቀ። እሷ ከኋላ ሆና ምን ታድርግ? በማግስቱ ተራራውን የሚያልፉት ብስክሌቶቹን ጭነው በባቡር ነው፤ ባቡሩ ረጅሙን ዋሻ ሲገባ ጩኸቱ ወሬ አያሰማም፤ ማርሌነ አፏን የጋሽፐር ጆሮ ላይ ለጥፋ ታወራለች። ከዋሻው ወጥተው ባቡሩ ጸጥ ካለ በኋላም አፏን ከዚያ አላነሣችም። ዛላ ብስክሌቶቹን ደግፋ ማዶ ቆማ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ትላለች በልቧ። ሶቻ ወንዝ ዳር ደግሞ ሁለቱ ጎን ለጎን ይነዳሉ። የማርሌነ ቢጫ ጃኬት ከሩቅ ያበራል። ሳቃቸው ለዛላ ይደርሳታል፣ ወሬያቸው አይደርሳትም። ቅናት የሚገድለው ይኼኔ ነው፤ ያልሰሙትን ወሬ ሰው ራሱ ይሞላዋል፣ ሲሞላው ደግሞ አይሰስትም።

ሌላው ሁሉ ይቅር። ጋሽፐር አንዴ እንኳ ዞር ብሎ አያያትም። ከጠዋት እስከ ማታ ጀርባውን ብቻ ነው የምታየው።

ከእሷ ፊት የሚነዳው ቪሌም ነው፤ የሆላንድ ሰው፣ ዳቦ ጋጋሪ የነበረ፣ ወፍራምና ቀልደኛ ሽማግሌ። አንድ ቀን ዳገት ላይ ቆም ብሎ ጠበቃት።

«ልጄ፣ ያ ፔዳል ምን በደለሽ?» አላት። «እየነዳሽ ሳይሆን እየደበደብሽው ነው የሚመስለው።»

ደክሞኝ ነው አለችው። እሱም በወጣትነቱ እንዲህ ያለ ድካም ይደክመው እንደነበር ነገራት፣ ዓይኑን ቢጫው ጃኬት ላይ ተክሎ።

ብርዳ በሚባለው አገር፣ የወይን እርሻዎቹ መሀል ያደሩ ዕለት ማርሌነ ራሷ ወደ ዛላ መጣች። ዛላ ከሰንሰለቱ ላይ ጭቃ እየጠረገች ነበር። ሴትየዋ አጠገቧ ቁጢጥ አለችና ያለምንም ዙሪያ ጥምጥም፣

«ጋሽፐር ሰው አለው?» ብላ ጠየቀቻት።

ዛላ የጠረገችውን ሰንሰለት ደግማ ጠረገች። አለው ብትል ውሸት ሊሆን ነው፤ የለውም ብትል ራሷን በገዛ እጇ መቅበሯ ነው።

«እኔ ምን አውቄ? ምንስ አገባኝ?» አለች።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ማርሌነ አመስግናት ጸጉሯን እያስተካከለች ሄደች። ዛላ ምላሷን ብትቆርጠው በወደደች።

በማግስቱ ካርስት ደጋ ላይ ቡርያ ተነሣ። ቡርያ ሲነፍስ የዚያ አገር ሰው ቤቱን ይዘጋል፤ መኪና የሚገለብጥ ነፋስ ነው። ጋሽፐር ጠዋት ሁሉንም ሰብስቦ ማንም ብቻውን እንዳይቀር አጥብቆ አስጠነቀቀ። ዳገቱ መሀል ላይ ማርሌነ ተንገዳገደች። ጋሽፐር እጁን ዘርግቶ ጀርባዋን ደገፈና እየገፋ ወደ ላይ ወሰዳት። ዛላ እጁን እስኪያነሣ ጠበቀች። አላነሣም።

ዓይኗ ደም ለበሰ። ቪሌምን እዚህ የድንጋይ ግንቡ ጥግ ይቆዩኝ፣ አሁን መጣሁ ብላ አለፈችው። ሌሎቹንም አንድ በአንድ አለፈች። በዚህ ሥራ ከገባች ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር አድርጋ አታውቅም።

ትንፋሿ ተቆራርጦ ደረሰችባቸው። ጋሽፐር ሲያያት መጀመሪያ ደስ ያለው መሰለ፤ ቀጥሎ ግን ከኋላዋ የሚመጡትን አየና ፊቱ አመድ ሆነ።

«ቪሌምስ?»

«ከኋላ ነው።»

«ከማን ጋር?»

ጋሽፐር ብስክሌቱን አዙሮ ቁልቁል ተፈተለከ፤ እሷም ተከተለችው። ቪሌም ብቻዬን ከምቆም ብሎ ተነሥቶ ኖሮ ነፋሱ ከነብስክሌቱ ቦይ ውስጥ ጥሎታል። ግንባሩ ደምቷል፣ የእጁ አንጓ አብጧል። ውፍረቴ ነው ያተረፈኝ፣ ቀጭን ብሆን ጣሊያን ነበር የምታነሡኝ አለ። ማንም አልሳቀም። ዛላ ደሙን እየጠረገች ታለቅሳለች።

የእንግዶቹን ዕቃ የሚጭነው መኪና መጥቶ ሽማግሌውን ሲወስድ ዛላና ጋሽፐር በግንቡ ከለላ ቀሩ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አላት።

«ቀናሁ» አለች። ቃሉ ሳታስበው ነው የወጣው። «እጅህ ጀርባዋ ላይ ነበር። ይኼን ሁሉ ዘመን ከኋላህ ስነዳ አንድ ቀን ዞረህ አይተኸኛል? አንድ ቀን?»

ጋሽፐር ብስክሌቱን ግንቡ ላይ አስደገፈ።

«አንቺ በሌለሽበት ከሌላ ሰው ጋር ስሠራ አንገቴ እስኪጣመም ነው የምዞረው» አለ። «አንቺ ካለሽ አልዞርም። አንቺ ካለሽ ከኋላዬ ክፉ ነገር አይመጣም ብዬ ነው... ዛሬ ግን ሰውዬው ሊሞት ነበር፣ ዛላ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ስንት ጊዜ የናፈቀችውን ቃል የሰማችው በገዛ እጇ ካበላሸችው በኋላ ነው። ጋሽፐር ነገ አንቺ ምሪ፣ ኋላውን እኔ እይዛለሁ ብሏት ብስክሌቱ ላይ ወጣ።

የመጨረሻው ቀን እንግዲህ ተገለባብጦ ሆነ። ዛላ ከፊት፣ ጋሽፐር ከኋላ፣ ማርሌነ ደግሞ፣ ይገርማችኋል፣ ከዛላ ጎን! ወሬውን ማርሌነ ነች የጀመረችው።

«ሰው አለው ወይ ብዬ ጠይቄሽ አልነበር? ‹እኔ አለሁ› ብትዪኝ ምን ነበረበት? ያን ሁሉ ሊፕስቲክ በነፋስ አላስወስድም ነበር።»

ዛላ ሳቅ አመለጣት። ማርሌነም ሳቀች፤ ሁለቱም ብስክሌቱ እስኪወላገድባቸው ሳቁ።

«እሱስ?» አለች ዛላ ሳቁ ሲበርድላት።

«እሱማ ሙገሳዬን አልጠላውም፤ ምን ልዋሽሽ? ሲያሞግሱት የማይወድ ወንድ የለም። ግን ምኑንም ብጠይቀው ዛላ እንዲህ ትላለች፣ ዛላ ይኼን ታውቃለች ነው መልሱ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይምጣ አይምጣ ግን እኔም አላውቅም። ከትናንቱ በኋላ ከአንቺ መራቅ ሊፈልግ ይችላል» አለቻት።

ዛላ ከዚያ በኋላ አልሳቀችም። እስከ ፒራን ድረስ የማታውቀውን አምላክ ሁሉ ስትለምን ሄደች።

ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ቪሌም እጁን በፋሻ አስሮ፣ በደኅናው እጁ አይስክሬም ይዞ ይጠብቃቸው ነበር። ዛላ እግሩ ሥር ተንበርክካ ይቅርታ ለመነችው። እሱ አይስክሬሙን አቀመሳትና ተነሽ አላት። ጋሽፐር ከሁሉም ኋላ መጣ።

«እህስ?» አለችው ማርሌነ። «ባሕሩ ይኸው።»

«አልመጣም» አላት። «ቅር አይበልሽ። አልመጣም።»

ማርሌነ ጠረጠርኩ አለችና ጫማዋን አውልቃ ወደ ውሃው ወረደች። ፊቷን ያየው የለም።

«ልትቆጣኝ ከሆነ ተቆጣኝ» አለች ዛላ። «ይገባኛል።»

«ትናንት ተቆጥቼ ጨረስኩ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ጀርባሽን ሳይ ዋልኩ። ከእሷ ጋር ትስቂያለሽ፤ ሳቁ ይሰማኛል፣ ወሬው አይሰማኝም። ምን እያለቻት ይሆን፣ ምን እያለቻት ይሆን ስል አንጀቴ አረረ። በአንድ ቀን እንዲህ ሆንኩ። አንቺ እንዴት ቻልሽው?»

«ማን ቻለው? ስፈነዳ አየህ አይደል?»

ጋሽፐር ሊስቅ ብሎ ተወው። እወድሻለሁ አላት፣ ሩቅ ባሕሩን እያየ፣ ለመርከብ የሚነግር ይመስል።

ዛላ አገጩን ይዛ ወደ ራሷ አዞረችው።

«ፊቴን አይተህ ድገመው።»

ፊቷን አይቶ ደገመው። ከዚያ ተራው የእሷ ነበር፤ ያን ሁሉ በጋ ሆዷ ውስጥ የከረመውን፣ አንዳች ሳታስቀር፣ እንግዳው ሁሉ ቆሞ እየሰማ ነገረችው።