ከመጽሐፉ ማዶ የተቀመጠው ልጅ

ልጃችሁን ለአስተማሪ የሰጣችሁ ሁሉ፣ ይህን ነገር ስሙኝ። ለእኔ እስከ ዛሬም በቅጡ አልገባኝም። ምናልባት እናንተ ትረዱት እንደሆነ ብዬ እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

ከአንኮበር ቁልቁል ባለችው በእኛ ደብር ልጅ ዳዊት ማንበቡ የሚታወቀው በአንድ ጧት ነው። ዓመታት ሙሉ ብርዱንም ርኃቡንም ችሎ በየኔታ ደጅ ይማራል። ከዚያ አንድ ቀን የደብሩ አለቃ ዳዊቱን አትሮንስ ላይ ገልጠው "አንብብ" ይሉታል። ካነበበ ዳዊት ደገመ ተብሎ ይደገስለታል፣ ወደ ዜማ ቤትም ያልፋል። ካቃተው ከአባቱ ሥራ ይገባል።

የልጅ ልጄ ገብረ ሕይወት ተራው የደረሰው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው። አባቱ፣ ልጄ ገብረአብ፣ ለአልዩ አምባው ነጋዴ ለዓወል በቅሎ እየነዳ ቆላ የሚወርድ ሰው ነው። አምና የበኵር ልጁን ይዞ ወርዶ ንዳድ በላበትና እዚያው ቀብሮት ተመለሰ። አሁን ደግሞ ምን ይለኛል፣ "እማዬ፣ ገብረ ሕይወት ካለፈ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ አልከለክልም። ከወደቀ ግን ከእኔ ጋር ይወርዳል። ብቻዬን ጭነት ማንሣት አቅቶኛል።" ይህን ካለኝ ወዲህ እህል አልወርድልኝ አለ።

በፈተናው ጧት መጀመሪያ የቀረበው የጎረቤቴ የአልታየች ልጅ ወልደተንሣኤ ነበር። መጠቆሚያ ስንደዶውን በፊደሉ ላይ እያስኬደ እንደ ውኃ አወረደው። እናቱ እልል አለች። ቀጥሎ የእኔው ቀረበ። ስንደዶውን ያዘ፣ ገጹን አየ፣ ዝም አለ። አለቃ ገብረ ጻድቅ "ምን ሆነሃል፣ ምላስህን ዋጥኸው?" ሲሉት ሰው ሳቀ። አስተማሪው የኔታ ዘርአ ዳዊት አንገታቸውን ደፉ። ልጁ ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰ።

ቤት እንደገባን ያዝሁት። ያ መዝሙር በየጧቱ አብረን የምንደግመው ነው።

"በቃልህ ታውቀው የለም ወይ?"

"አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አላልኸውም?"

"አንብብ አሉኝ እንጂ በቃልህ በል አላሉኝም፣ እማዬ። ፊደሉ ደግሞ ፊደል አልመስል አለኝ።"

ግራ ገባኝ። የሰው ዓይን በልቶት ይሆን፣ ጠበል ልውሰደው ይሆን እያልሁ ቤቱን ዞርሁት። ገብረአብ አልተቆጣም፤ የባሰብኝም ይኸው ነው። ዝም ብሎ ለቆላው መንገድ የሚሆን የጠፍር ጫማ በልጁ እግር ይለካ ጀመር።

በማግስቱ ማልጄ የኔታን ልወቅስ ሄድሁ። ሕፃናቱ ከጥዱ ሥር አንዲቱን ዳዊት ከበው ተቀምጠዋል። የእኔው ከእነርሱ ማዶ ተቀምጦ ያስነብባቸዋል። አንዱ ሲሳሳት ስንደዶውን ዘርግቶ "ለ አይደለም፣ ሐ ነው፤ እግሩን ቁጠር" አለው። ቀረብ ብዬ አየሁ። መጽሐፉ የዞረው ወደ ሕፃናቱ ነው። ለገብረ ሕይወት የተዘቀዘቀ ነው። እርሱ ግን አንዲት ፊደል አይስትም።

መጽሐፍ ዘቅዝቆ ያነባል ሲባል የሰማሁት ስለ አስማተኛ ብቻ ነው። ጎትቼ አስነሣሁትና ማን እንዲህ እንዳስተማረው ጠየቅሁት። ማንም አላስተማረውም። ወደ ትምህርቱ ዘግይቶ ሲመጣ ከመጽሐፉ ፊት ያለው ቦታ ተይዞ ስለነበር ማዶ ተቀመጠ። እዚያው ሆኖ ፊደል ለየ፣ እዚያው ሆኖ ማንበብ ለመደ፣ እዚያው ሆኖ ታናናሾቹን አስተማረ። ቀጥ ብሎ የቆመ ፊደል ለእርሱ እንግዳ ነው።

"ታዲያ ትናንት ለምን አላዞርኸውም?"

"በአለቃ ፊት ዳዊት ልገለብጥ?" አለኝ፣ እኔው ያበድሁ ይመስል።

የኔታ ሲሰሙ ግንባራቸውን ያዙ። ወዲያው ልጆቹን ሁሉ አስከትለው ወደ አለቃ ወሰዱን። አልታየችም ለድግሱ ልትጠራቸው መጥታ እዚያው ነበረች። አለቃ ነገሩን ሰምተው አልተበገሩም።

"ፈተና ፈተና ነው፣ የኔታ። ነገ ቅዳሴ ላይ ቆሞ መጽሐፉ ይዙርልኝ ሊል ነው?"

እውነቴን ነው፣ ልክ መሰሉኝ።

የኔታ ግን "ማዞሩን በዚህ ጾም ይለምደዋል፣ አባቴ" አሉ። "እርስዎ ያዩት አንድ ጧት ነው። እኔ ዓመታት አይቼዋለሁ። እነዚህን ሕፃናት ያስነበባቸው እርሱ ነው፤ እውቀቱን ከፈለጉ ከእነርሱ ላይ ይፈልጉት።"

እርሳቸውም ልክ መሰሉኝ። ሁለቱም ልክ ከሆኑ ልጄን ምን ሊያደርጉብኝ ነው ብዬ በሁለቱ መካከል ቆሜ ቀረሁ።

አለቃ ዳዊቱን ከመካከሉ ገለጡና ሕፃናቱን በየተራ አስነበቡ። ቀስ እያሉ፣ ፊደሉን እየለቀሙ አነበቡ። አለቃም ከማዶ ጎንበስ ብለው ሲከተሉ መስመሩ ጠፋባቸው። "የት ደረሰ?" አሉ። ገብረ ሕይወት ስንደዶውን አኖረና "እዚህ ጋ ነው፣ አባቴ" አላቸው።

አለቃ ከመጽሐፉ ቀና አሉ። ከዚያ ወደ የኔታ ዞረው "ለካ እኔ የፈተንሁት መቀመጫውን ኖሯል" አሉ።

ወልደተንሣኤንም አስጠርተው አንዱን ሕፃን ከቆመበት እንዲያስቀጥል ነገሩት። ልጁ ከመዝሙሩ መነሻ ካልጀመረ አልሆንለት አለ። ድምፁን እንጂ ፊደሉን አያውቀውም። አንጀቴን በላው፤ አልዋሸም እኮ፣ የጠየቁትን ነው የሰጠ። አልታየች "ልጄ አልፏል፣ ጠላው ተጠምቋል" ብላ ተቆጣች። አለቃ "ድግሱ አይቅር፣ ልጁ ግን ገና ከየኔታ ዘንድ ይቆይ" አሏት። ለገብረ ሕይወትም፣ አልወደቀም ብለው፣ ጾሙን በሙሉ መጽሐፉን ቀጥ አድርጎ እንዲለማመድ ፈቀዱ። ከእንግዲህ የአንዱ ጧት ንባብ ይኖራል፤ ግን ልጁ በዓመቱ ውስጥ ለታመመ ያነበበው፣ ለታናሹ ያስተማረው ሁሉ አብሮ ይታያል ብለው ቈረጡ።

ለገብረአብ ስነግረው "ትናንት ያላወቀ ዛሬ አወቀ? ሌሊት ማን አስተማረው?" አለኝ።

"ማንም።"

"ታዲያ?"

"እኔም ልጄ፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ።"

ራሱ ሊያይ ከየኔታ ደጅ መጣ። ልጁ መጽሐፉን ቀጥ አድርጎ እንደ ጀማሪ ይንተባተባል። "ይኸው አሁንም አያነብም እኮ" አለኝ ገብረአብ። እንዲያደምጥ ለመንሁት። ቆሞ አደመጠ። ልጁ አንዷን ፊደል ስቶ፣ ማንም ሳያርመው ተመልሶ አቃናት። ገብረአብ ራሱን ነቀነቀ፤ የገባው አልመሰለኝም። ግን "ደኅና ሰንብቺ፣ እማዬ" ብሎኝ በቅሎዎቹን ብቻውን እየነዳ ቁልቁለቱን ወረደ።

እናንተ ልጅ የምትመዝኑ፣ ፈተና ይቅር አልላችሁም፤ ያን እንኳ አላውቅም። ልጁን ወደ ቆላ ከመስደዳችሁ በፊት ግን የት ተቀምጦ እንደተማረና ምን ሲሠራ እንደከረመ ጠይቁ። እኔ በአንድ ጧት ላጣው ነበር።