የፅናት ዜና

ለዊንታ በር የከፈተችላት ፅናት ራሷ ነበረች። አንድ ሕፃን ታቅፋለች፤ ሌላው ቀሚሷን ጨብጦ ከኋላዋ ቆሟል። ሐሙስ ነው፣ ረፋድ ላይ። በዚህ ሰዓት ክፍል ውስጥ መሆን ነበረባት።

ዊንታ ሰላምታውን እንኳ ረሳችው። የመጣችው ፅናት ትምህርት ቤታቸውን ከመልቀቋ በፊት ያገኘችውን የመዘምራን ምስክር ወረቀት ለእናቷ ሰጥታ ልትመለስ ነበር። የእነ ዊንታ ፈተና ቀደም ብሎ አልቋል፤ እዚህ አካባቢ ያሉት ትምህርት ቤቶች ግን ገና አልዘጉም።

«አሞሽ ነው?» አለቻት።

«አይ» አለች ፅናት። ከበሩ ዞር አለችላት። «ግቢ።»

ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ፒያሳ፣ የሲስተሮቹ ትምህርት ቤት አብረው ነው የተማሩት። የፅናት ቤት ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ስለነበር ደወል እየተደወለ ከቤት ብትወጣም አታረፍድም። ቤተሰቧ ጴንጤ ናቸው፤ ያም ሆኖ በካቶሊኮቹ መዘምራን ውስጥ እንደ እሷ የሚዘምር አልነበረም። ሰፈሩ ሲፈርስ ቤታቸውም፣ ደጃፉ ላይ የነበረችው የእናቷ ሱቅም አብረው ሄዱ። አባቷ እነዚህ መንትያ ታናናሾቿ በተወለዱ ዓመት ሞተዋል። እናትና ልጆች ከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸውና በዓመቱ አጋማሽ ገቡ። የእነ ዊንታ ቤት ግን ወደ አምስት ኪሎ ጠጋ ስለሚል አልተነካም። ይህን ነገር አንስተው ተነጋግረውበት አያውቁም።

ከዚያ ወዲህ ፅናት በቴሌግራም ትጽፍላት ነበር። አዲሱ ትምህርት ቤት በጣም ትልቅ ነው። ላብራቶሪው አሪፍ ነው። የሒሳብ አስተማሪው ቀልደኛ ነው። ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታለች። ዊንታ ደስ ብሏታል፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቀንታለችም። ቅዳሜ በዓመቱ መዝጊያ ላይ የትምህርት ቤቱን ዜና ለወላጆችና ለተማሪዎች የምታነበው እሷ ስለሆነች ስለ ፅናትም ጽፋ ጨርሳለች።

አሁን ግን ያየችው ሌላ ነበር። መሬት ላይ የተዘረጋ ፍራሽ፣ እስካሁን ያልተፈታ ሻንጣ፣ መስኮቱ ላይ የተሰጣ የሕፃን ልብስ። ፅናት የለበሰችው የድሮውን የዩኒፎርም ሹራብ ነው፤ እጅጌው ረግቦ ጣቶቿን ሸፍኗል።

ዊንታ ብዙ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ፅናት ፍራሹ ላይ ተቀምጣ፣ ሕፃኑን እያባበለች፣ የሌላ ሰው ታሪክ የምታወራ ይመስል ነገረቻት። እንደገቡ ልትመዘገብ ሄዳ ነበር። ዓመቱ ተጋምሷል፣ ቦታ የለም፣ መስከረም ተመለሺ አሏት። እናቷ ደግሞ መሀል ከተማ የጽዳት ሥራ አገኘች፤ ሳይነጋ ወጥታ ሲመሽ ትመለሳለች። መንትዮቹን የሚይዝ ሰው የለም። ስለዚህ ፅናት ያዘቻቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ትምህርት ያነሳም የጠየቀም የለም።

«መስከረምስ?» አለች ዊንታ።

«መስከረምስ እነዚህን ማን ይይዛቸዋል?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ‹ዳይፐር እየቀየርኩ ነው፣ አንቺስ?› ልበልሽ?» ልትስቅ ሞከረችና ተወችው።

ዊንታ የዜናውን ነገር ነገረቻት። ስለ እሷ የጻፈችውን እንደምታወጣው፣ ማንም ምንም እንደማይጠይቅ አስረዳቻት። ፅናት ቶሎ ቀና አለች።

«አታውጪው። እንደጻፍሽው አንብቢው።»

«ውሸት ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።» ሕፃኑ ሹራቧን እየጎተተ ነው። «እዚያ እንኳን ልማር።»

ለማንም እንዳትናገርም አደራ አለቻት። ዊንታ ራሷን ነቀነቀች። ሚኒባስ ውስጥ ገብታ ስትቀመጥ ምስክር ወረቀቱ አሁንም እጇ ላይ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ ጋብ አለ። ወላጆች በፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ፤ ተማሪዎቹ ተሰለፉ። አምና ሰልፉ እስከ አጥሩ ይደርስ ነበር፤ ዘንድሮ ግቢው ሰፍቶ ታየ። ርዕሰ መምህሯ ሲስተር ዓለምወርቅ ጽሑፉን አይተው «ሰፈራቸው ፈርሶ የሄዱብን ልጆች» የሚለውን «አዲስ ሰፈር የገቡ ልጆቻችን» ብለው አርመውታል። ወላጆች ሆድ እንዲብሳቸው ሲስተር አልፈለጉም።

ዊንታ ማይክሮፎኑን ይዛ አነበበች። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተናቸውን በሰላም ጨርሰዋል። የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ሦስተኛ ወጥቷል። የሚያፈሰው የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ተጠግኗል። ለብዙ ዓመታት ቅዳሴ የቀደሱላቸው አባ ገብረትንሣኤ በእርጅና ምክንያት ጡረታ ይወጣሉ። ሰዉ አጨበጨበ። ቀጥላ አዲስ ሰፈር የገቡትን ልጆች ስም እየጠራች ደህና ናቸው አለች፤ ከዚያ ፅናት ጋ ደረሰች።

ልታልፈው ትችል ነበር።

«የዘጠነኛ ክፍል ተማሪያችን የነበረችው ፅናት ነጋሽ በአዲሱ ትምህርት ቤቷ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታለች። እንኳን ደስ አለሽ እንላታለን።»

ጭብጨባው ከሁሉም በለጠ። ከሰልፉ መሀል የክፍላቸው ልጅ ሚስጥር አፏጨችና «ፅኑ እኮ አራዳ ናት» አለች። ሰው ሳቀ። የመዘምራን አሠልጣኙ ጋሽ ሉልሰገድ መሀረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። ዊንታ የቀረውን እንዴት አንብባ እንደጨረሰች አታውቅም።

ካርድ ተሰጥቶ ወላጆች ሲበተኑ ዊንታ ሲስተር ዓለምወርቅ ቢሮ ገባች። አደራ እያፈረሰች መሆኑን ታውቀዋለች። ሐሙስ ያየችውን ሁሉ ነገረቻቸው። ሲስተር ሳያቋርጡ ሰሟት። መነጽራቸውን አወለቁና ዓይናቸውን አሹ።

«እሷም?» አሉ።

ዊንታ እስክትረዳው ጥቂት ቆየ። ሌሎችም አሉ ማለት ነው። ደህና ናቸው ብላ በዚያው ማይክሮፎን ስማቸውን የጠራቻቸው ሌሎች።

ሲስተር ያለውን ሳይደብቁ አስረዷት። እዚህ ቦታዋን ይዘው ሊጠብቋት ይችላሉ፤ ግን በየቀኑ ሁለት ሚኒባስ እየቀያየረች እንዴት ትመጣለች? ብትመጣስ ሕፃናቱ ማን ጋ ይሆናሉ? ትምህርት ቤቱ ማደሪያ የለውም። እዚያ አቅራቢያ ያለውን ቁምስና፣ የካቶሊኮቹን አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ሌሎቹ ልጆች ጠይቀው ነበር፤ እስካሁን መልስ አልመጣም። የዘንድሮው ዓመት ግን በቃ፣ ሄዷል።

«ሄጄ እናቷን አነጋግራለሁ» አሉ። «ቃል ግን አልገባልሽም፣ ዊንታዬ። የማልችለውን ቃል መግባት ሰልችቶኛል።»

ዊንታ ከዚያ በፊት ሲስተር ሰለቸኝ ሲሉ ሰምታ አታውቅም።

ከቢሮው ወጥታ ደረጃው ላይ ቆማ ፅናት ጋ ደወለች።

«አነበብኩት» አለቻት። «በጣም ነው ያጨበጨቡት።»

«ሙት በይ። ሚስጥርስ?»

«አራዳ ናት አለች።»

ፅናት ሳቀች። የድሮው ሳቋ ነበር፣ ክፍል ውስጥ የሚያስቀጣት። ዊንታ እዚያ ላይ ማቆም ትችል ነበር፤ ያን ሳቅ ትታላት ስልኩን መዝጋት።

«ከዚያ ለሲስተር ነገርኳቸው» አለች።

ሳቁ ቆመ። ከወዲያ በኩል የሕፃን ለቅሶ ይሰማል።

«ፅኑ?»

ስልኩ ተዘጋ። መልሳ ደወለች፤ ጥሪ አይቀበልም። ቴሌግራም ከፈተች፤ የፅናት ፎቶ የለም። ፎቶው የነበረበት ክብ ላይ አንድ ፊደል ብቻ ቀርቷል። እንዳትደውልላትም እንዳትጽፍላትም ዘግታታለች።

በሩ አጠገብ አባቷ አቶ ሐዱሽ ጃንጥላ ይዘው ይጠብቋታል። ካርዷን አይተው ተደስተዋል፤ ኬክ ሊጋብዟት አስበዋል። ዊንታ መጀመሪያ የምትሄድበት ቦታ እንዳለ ነገረቻቸው። ፊቷን አዩ፤ የት እንደሆነ ብቻ ጠየቁ፤ ከዚያ ጃንጥላውን ሰጧት።

ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ስትወርድ ዝናቡ እንደገና ጀመረ። የፈረሰው ሰፈር በቆርቆሮ ታጥሯል፤ የፅናት ቤት የቱ ጋ እንደነበር ለመለየት ሞክራ አቃታት። የሚኒባሱ ወረፋ ረጅም ነው። እዚያ ብትደርስ ምን እንደምትል አታውቅም። ይቅርታ ልትል አልነበረም፤ የተናገረችው እውነት ነው። ደግሞም ያ እውነት እስካሁን ለፅናት የጠቀማት ነገር የለም። ፅናት ላታናግራት ትችላለች። ዛሬም፣ ምናልባት ከዚያ በኋላም።

ዊንታ ጃንጥላውን ዘረጋችና ወረፋው መጨረሻ ላይ ሄዳ ቆመች።