ሁለት ስታንድ፣ አንድ ሸክላ

«ለወንድምሽ ንገሪው፣ እግሩን አያወዛውዝ። ወለሉ ይንቀጠቀጣል።»

ወንድሟ የቆመው ከአባቷ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ በሩን ተደግፎ ነው። ጆሮውም ጤነኛ ነው። ሽቦ የሚሏት እህቱ ግን ድምፅ ማጉያውን አምፕሊፋየር እንደ ሕፃን እንዳቀፈች ዞር ብላ፣ «እግርህን አታወዛውዝ ተብለሃል» አለችው።

«አላወዛወዝኩም በይልኝ።»

«አላወዛወዝኩም ይላል።»

«ሰምቻለሁ» አለ አባቷ።

ከሰማህ ታዲያ እኔን መሃል ምን አስገባኝ? ይህን ያለችው በሆዷ ነው። በአፏ ያለችው ግን፣ «አባዬ፣ ይሄ ነገር ክንዴን ሊገነጥለው ነው፤ የት ላስቀምጠው?» ነበር።

ሽቦ ብላ ያወጣችላት እናቷ ናት። ገና ትንሽ ልጅ ሳለች የተበጠሰ የካውያ ገመድ ቀጥላ ስለተገኘች፣ ደግሞም ቀጭን ስለሆነች። ወንድሟ ምስማር ነው። አንዴ ከተመታ አይነቀልም፣ ግትር ነው ለማለት። ምስማር አስራ አንደኛ ክፍልን አጋምሶ ትምህርቱን ትቶ እንጨት ቤት ከገባና እዚያው ማደር ከጀመረ ወዲህ አባትና ልጅ ቃል አይለዋወጡም። የሚነጋገሩት በሽቦ በኩል ነው። በስልክም በሽቦ፣ ዛሬ እንኳ አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው በሽቦ።

ምስማር ዛሬ የመጣው ትከሻው ላይ የሸክላ ማጫወቻ ማስቀመጫ ስታንድ ተሸክሞ ነው።

አባቷ የከተማ አውቶብስ ሹፌር ነው። ጋራዥ ውስጥ «ባለጆሮው» ይሉታል። መካኒኮቹ ሞተር ከመፍታታቸው በፊት ይጠሩትና ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል፣ አንድ ጣቱን ያነሳል፣ «ቀበቶው ነው» ይላል። አብዛኛውን ጊዜም ቀበቶው ሆኖ ይገኛል። ቤት ሲገባ ደግሞ ያ ሁሉ ጆሮ የሚያርፈው የሸክላ ማጫወቻው ላይ ነው። ማጫወቻው እስከ ዛሬ የተቀመጠው በአንድ የሚወላገድ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ሰው የሳንቃውን ወለል ረገጥ ባደረገ ቁጥር መርፌው ይዘላል። ዘፋኟ አንድን ቃል ሁለቴ ትላለች፣ አባቷ «ማነው የሚራመደው?» ብሎ ይጮኻል፣ ቤተሰቡ ሁሉ በገዛ ቤቱ እንደ ሌባ በጣቱ ጫፍ ይሄዳል።

ስለዚህ ስታንድ ይገዛ ተባለ። የኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ሰውዬ አንዱን ለሙከራ ላከ። ጥቁር ብረት ነው፤ ወፋፍራም የመስታወት ንጣፎች አሉት፣ እግሮቹ እንደ እርሳስ የሾሉ ናቸው። ካልተፈለገ ዛሬ ማታ መጥቶ ይወስደዋል። ምስማር ስታንድ ሊገዛ መሆኑን ከሽቦ ከሰማ ወዲህ የራሱን ሲሠራ ከረመ። የሱ ስታንድ ዝቅ ያለ፣ ከባድ፣ አንድም ምስማር የማይታይበት እንጨት ነው። ጠርዞቹ እንደ ሳሙና ለስልሰዋል። የላይኛው ጣውላ ከታችኛው ጋር አይነካካም፤ በመሃሉ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጡ ላስቲኮች አሉ።

ሽቦ ከጠዋት ጀምሮ ማጫወቻውንና አምፕሊፋየሩን ከብረቱ ወደ እንጨቱ፣ ከእንጨቱ ወደ ብረቱ ስታመላልስ ነው የዋለችው። «ባለጉዳይ ዕቃውን አይነካም» ብሎ ፈርዷል አባቷ፤ ባለጉዳዮቹም እሱና ምስማር ናቸው። የሰኞው ፈተና መጽሐፍ አልጋዋ ላይ ተከፍቶ ይጠብቃታል። እጇ ቀልቷል። የቱ ጥሩ ድምፅ እንደሚያወጣ እስካሁን ማንም አልጠየቃትም።

«እሱ የሠራው ድምፁን ትንሽ ጨለም ያደርገዋል» አለ አባቷ፣ ዓይኑን የመስታወቱ ንጣፍ ላይ ተክሎ። «ይሄኛው ግን ጥርት ያለ ነው። እዪው እስቲ!»

«ለአባትሽ ንገሪው፣» አለ ምስማር ከበሩ፣ «የሚሰማው በዓይኑ ነው።»

ሽቦ ይህን አላስተላለፈችም። ማስተላለፍም አላስፈለገም። በጎን ባለው ክፍል የእናቷ የልብስ ስፌት መኪና ድምፁ ቆመ።

«ሻርፕ አምጪ» አለ አባቷ። «ዓይኔ ይታሰር። ጆሮዬ ለማንም አያዳላም።»

ምስማር ምልክት እንዳይሰጥ ወደ ደረጃው ወጣ፣ በሩም ተዘጋ። አባቷ በጎን ወዳለው ክፍል ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አንቺ፣ ያቺን መኪና አደራ፣ እንዳታስነሺ!» አለ።

«የሰው ሱሪ ነው እኮ የያዝኩት!» አለች እናቷ። «ያንተ ሙዚቃ ሱሪ ይሰፋል?» ቢሆንም ቆመች።

የመጀመሪያው ዙር መስታወቱ ላይ ተጫወተ። አባቷ በእናቷ አበባማ ሻርፕ ዓይኑን ታስሮ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ሲያዳምጥ ትልቅ ጉዳይ የሚዳኝ ይመስላል። ሳቋን ዋጠች። ዘፈኑ ሲያልቅ፣ «እህ…» አለ። «ደህና ነው። ግን ባሱ፣ ያ ወፍራሙ ድምፅ፣ ጭቃ አለው። በይ አሁን ወደ ሌላው።»

ሽቦ ወደ ሌላው አየች። ሁለት እርምጃ ነው። አምፕሊፋየሩን አየችው፣ እሱም ያያት መሰላት። ሽቦውን ሁሉ መንቀል፣ ማንሳት፣ ማስቀመጥ፣ ሽቦውን ሁሉ መሰካት። ደግሞ «ለወንድምሽ ንገሪው»፣ ደግሞ «ለአባትሽ ንገሪው»። 

አንዱን ሽቦ ነቀለች፤ መልሳ ሰካችው። ወንበር ጎተት አደረገች። ሸክም እንዳነሳ ሰው «ኡፍ!» አለች፤ ድካሙ እንኳ የእውነት ነበር። ከዚያም መርፌውን እዚያው ዘፈን ራስ ላይ መለሰች። ማጫወቻው ከመስታወቱ ንቅንቅ አላለም።

ዘፋኟ ገና አፏን እንደከፈተች የአባቷ ጣት ተነሳ። ያች የጋራዥ ጣት።

«ይሄ!» አለ። «ይሄ ነው! ሰማሽ ከበሮው እንዴት እንደጠራ? ሴትዮዋ እኮ እዚህ ፊቴ ነው የቆመችው!» ሻርፑን ፈታ፤ ማጫወቻውን መስታወቱ ላይ ሲያየው ፊቱ በራ። «አላልኩም? ሁለተኛው ብረቱ ነው፤ የመጀመሪያው እንጨቱ ነበር ማለት ነው። ለወንድምሽ ንገሪው፣ ያ የመጀመሪያው ጭቃ ነው።»

ሽቦ መጀመሪያ ልትስቅ ነበር። ሳቁ ግን መንገድ ላይ ቀረ።

በሩ ተከፈተ። ምስማር ሁሉን ከደረጃው ሰምቷል። ይከራከራል ብላ ጠበቀች፤ ምስማር ነዋ፣ መቼ ተነቅሎ ያውቃል! እሱ ግን ስታንዱ አጠገብ በርከክ ብሎ ጠርዙን አንዴ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«እሺ በይልኝ» አለ።

ከዚያ ስታንዱን ወደ ትከሻው አነሳው። በአጠገቧ ሲያልፍ በዝቅታ፣ «አንቺም እንኳን አረፍሽ። ወሬ ማመላለሱ ቀረልሽ» አላት። በቁጣ አልነበረም። በቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

አባቷ የመስታወቱን ንጣፍ በእጅጌው እየወለወለ ነው፤ ወደ በሩ አያይም። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ነገ ጋራዥ ሄዶ፣ ዓይኑን ታስሮ ብረትና እንጨት እንደለየ ያወራል፤ መካኒኮቹም ይስቃሉ፣ ይደነቃሉ። ብትናገር ደግሞ አጭበርባሪዋ እሷ፣ የተዋረደውም ባለጆሮው፣ ያውም በልጁ ፊት። ምስማር አንድ እግሩ ደረጃው ላይ ነው።

«አባዬ፣ አልቀየርኩትም።»

«ምኑን?»

«ዕቃውን። ሁለቴም እዚሁ መስታወቱ ላይ ነበር። ሽቦ ነቅዬ ሰካሁ እንጂ አላነሳሁትም።»

የአባቷ እጅ ንጣፉ ላይ ቆመ። በሩ ላይ ስታንዱ ቀስ ብሎ ወለሉን ሲነካ ተሰማ። ከምስማር አፍንጫ ትንሽ ሳቅ ሊያመልጥ ብሎ ነበር፤ የአባቱን ፊት ሲያይ መልሶ ዋጠው።

«ለምን?» አለ አባቷ።

«ስለደከመኝ ነዋ!» ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ወጣ። «ከጠዋት ጀምሮ ዕቃ እሸከማለሁ፣ ስንት ወር ሙሉ ደግሞ የእናንተን ቃል እሸከማለሁ። ዕቃው እንኳ ይሻላል፤ ሲያስቀምጡት ዝም ይላል!»

 አባቷ ሳያስበው እጁን ወደ ጆሮው ወሰደ፤ ጆሮው እዚያው ነበር።

«የመጀመሪያው ጭቃ ነው ብዬ ነበር…» አለ በዝግታ።

«ብለሃል» አለች እናቷ በጎን ካለው ክፍል።

አባቷ ሻርፑን አነሳ። «በይ እንግዲህ» አለ ወደ ማንም ሳያይ፣ «አሁን በትክክል ቀይሪውና እንደገና…»

ሽቦ ሻርፑን ከእጁ ወሰደችው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና የገዛ ዓይኗን አሰረች። ሻርፑ የእናቷን የልብስ ጠመኔና የመቀስ ብረት ይሸታል።

«እኔ ነኝ የምሰማው» አለች። «እናንተ ተሸከሙ። የቱ ላይ እንዳስቀመጣችሁትም እንዳትነግሩኝ።»

 አባቷ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማች። «ለወንድምሽ…»

«አልሰማም። ታስሬያለሁ።»

«የታሰረው ዓይንሽ ነው ወይስ ጆሮሽ?»

«ሁለቱም።»

ወለሉ ሲጢጥ አለ። ከባድ ነገር መስታወት ላይ ተንሸራተተ።

«በዚያ በኩል ያዝ» አለ የአባቷ ድምፅ።

ቆየት ብሎ፣ «ያዝኩ።»

«ቀስ፤ ሽቦው ይጎተታል።»

«አይቼዋለሁ። አንተ ራስህ ወገብህን ጠብቅ፣ በጉልበትህ ተነስ።»

«ወገቤ ምንም አልሆነም።» አንድ ነገር እንጨት ላይ አረፈ፤ ወይም እንጨት መሰላት። «ይሄ ላስቲክ ምንድነው?»

«ጎማ ነው።»

«ጎማ መሆኑንማ አያለሁ። የምን ጎማ?»

«የአውቶብስ።»

 ከዚያ የአባቷ ድምፅ ከታች፣ ጎንበስ ካለበት መጣ። «የፊት ነው የኋላ?»

«የፊት። የፊቱ አይጠነክርም?»

«ይጠነክራል» አለ አባቷ።

ዘፈኑ ጀመረ። ሽቦ አገጯን ቀና አደረገች። ከበሮው ገባ፣ ሴትዮዋ መጣች። የጠራ ነበር፣ ምናልባት ጥልቅም ነበር። አንድ ሰው ወለሉን ተሻግሮ ከሌላው አጠገብ ሲቆም ሰማች፤ መርፌው ግን አልዘለለም። የሁለት ሰው ትንፋሽ ከአንድ አቅጣጫ ይመጣል።

ሸክላው ዞሮ ዘፈኑ አለቀ።

«እህስ?» አለ አባቷ።

«እህስ?» አለ ምስማር።

ሽቦ የምትመልሰው አላጣችም። ግን እጇን ወደ ኋላ ሰደደችና የሻርፑን ቋጠሮ ጠበቅ አደረገችው።

«ገና ነኝ» አለች። «ወደ ሌላው ቀይሩትና ድገሙልኝ።»